ያልነገረ አይታረምም

ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሒሳብ አስተምራለሁ። የፍሬሽማን ፕሮግራም በ2012 ዓ.ም. ተመልሶ ከመጣ ወዲህ የምይዘው ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች የሚሰጠውን ኮርስ ነው። አራት ምዕራፍ አለው፦ ሎጂክና ስብስብ፣ የሪልና የኮምፕሌክስ ቁጥሮች፣ ፈንክሽን፣ አናሊቲክ ጂኦሜትሪ። አንድ ሴክሽን ውስጥ ስልሳ የሚጠጉ ተማሪዎች ይቀመጣሉ።

የምጽፈው ስለ አንዲት ተማሪና ስለ አንድ ኢንኢኳሊቲ (“ያንሳል” ወይም “ይበልጣል” የሚል ምልክት ያለበት የሒሳብ ጥያቄ) ነው። ጥያቄው የአንድ መስመር ጥያቄ ነው፤ ቱቶሪያል (ከሌክቸሩ ሌላ ያለውን የመለማመጃ ክፍለ ጊዜ) የምሰጥበትን መንገድ የቀየረው ግን እሱ ነው።

የመጀመሪያው ቴስት ታርሞ በተመለሰ ማግስት ልጅቱ ትምህርት ለማቋረጥ የሚሞላውን የዊዝድሮዋል ፎርም ይዛ ቢሮ መጣች። “መምህር፣ ይፈርሙልኝ” አለች። ምክንያቱን ስጠይቃት “ሒሳብ አልቻልኩም” ብላ አቀረቀረች። አውቃታለሁ፤ ከፊት ነው የምትቀመጠው፤ ከክፍል አትቀርም። ደብተሯን ተቀብዬ ገለጥኩት። ጥያቄው በቀይ፣ መልሱ በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል፤ ከያንዳንዱ ምሳሌ ሥር በማስመሪያ የተሰመረ መስመር አለ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ሁሉ አለ፤ አንዲት ምልክት አልጎደለችም። ቴስቱ ላይ ያገኘችው ግን ከ15 ሦስት ነው።

ፎርሙን ወደ ጎን አድርጌ ባዶ ወረቀት ሰጠኋትና ይህን ጻፍኩላት፦ |2ኤክስ − 3| < 5። “እየሠራሽ ንገሪኝ፤ የምታስቢውን ሁሉ ጮክ ብለሽ” አልኳት።

መጀመሪያ አፈረች። ቀስ እያለች ግን ጀመረች። የአብሶሉት ቫልዩውን (ከዜሮ ያለውን ርቀት የሚያሳዩትን) ሁለት ዘንጎች ትታ 2ኤክስ − 3 < 5 ብላ ጻፈች። ቀጥላ 2ኤክስ < 8፣ ከዚያ ኤክስ < 4። “ጨረስኩ” አለች። ከመጀመሪያው መስመር በቀር አንድም ስህተት የለበትም፤ ሦስቱን ወደ ቀኝ ስታሻግር ምልክቱን ቀይራለች፣ ለሁለት ስታካፍልም አልተሳሳተችም።

“እስቲ በኤክስ ቦታ ኔጌቲቭ 10 አስገቢ፤ ከ4 ያንሳል አይደል?” አልኳት። አስገባች። ኔጌቲቭ 20፣ ሦስት ሲቀነስለት ኔጌቲቭ 23፣ አብሶሉት ቫልዩው 23። ቀና ብላ አየችኝ። “23 ደግሞ ከ5 አያንስም” አለች፤ ድምጿ ውስጥ ማፈሩ ቀርቶ መገረም ነበር።

“የኔጌቲቭ 7 አብሶሉት ቫልዩ ስንት ነው?”

“ሰባት።”

“እንዴት አወቅሽ?”

“ማይነሱን ማጥፋት ነው።”

“የኤክስስ?”

“ኤክስ ነዋ።”

“ለምን?”

“ማይነስ የለውማ!”

እዚህ ላይ ዝም አልኩ፤ ምክንያቱም ትክክል ነች። የተሰጣት ሕግ “ማይነሱን አጥፋ” ከሆነ፣ ኤክስ ፊት የሚጠፋ ነገር የለም። ልጅቱ በአስተሳሰቧ ላይ ምንም እንከን የለባትም፤ ጎደሎው ከታች ክፍል ጀምሮ ይዛው የመጣችው ሕግ ነው። ለቁጥር ይሠራል፤ ለፊደል አይሠራም። ቁጥር ብቻ በነበረበት ዘመን ሁሉ ደግሞ “ራይት” ሲያስገኝላት ኖሯል። ታዲያ ለምን ትጠረጥረዋለች?

ቤተሰቦቿ ሉማሜ እንደሆኑ ነግራኝ ነበር፤ ሉማሜና አማኑኤል ደግሞ ከደብረ ማርቆስ በተቃራኒ አቅጣጫ ያሉ ከተሞች ናቸውና በምታውቀው መንገድ ጠየቅኋት። “ከደብረ ማርቆስ የተነሳ መኪና አለ፤ ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር አልራቀም። አሁን የት ነው ያለው?”

“ወደ ሉማሜ ነው ወይስ ወደ አማኑኤል ነው የሄደው?”

“አልተነገረንም።”

ጥቂት አሰበች። “እንግዲያው በሁለቱም በኩል ሊሆን ይችላል” አለችና ሳልነግራት ወረቀቱ ላይ መስመር አሰመረች፤ መሐሉ ላይ ዜሮ፣ ግራና ቀኙ ላይ 20 እና ኔጌቲቭ 20 ጻፈች። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰች። “ይሄ 2ኤክስ − 3 የሚሉት ከዜሮ ያለው ርቀት ከአምስት ያንሳል ማለት ነው።” −5 < 2ኤክስ − 3 < 5። ቀጥላ −2 < 2ኤክስ < 8። መጨረሻ −1 < ኤክስ < 4። ኔጌቲቭ 10ን መልሳ ሞከረችው፤ ከውጭ ቀረ። ሁለትን ሞከረች፤ ከውስጥ ገባ። ቀጥሎ ያልጠበቅሁትን ጠየቀችኝ፦ “ምልክቱ ‘ይበልጣል’ ቢሆንስ መምህር? ያኔ መኪናው በአንዱ ወይም በሌላው በኩል ከምልክቱ ወዲያ ነው ማለት ነው?” አዎ፤ ኤክስ ከኔጌቲቭ 1 ያንሳል ወይም ከ4 ይበልጣል። ፎርሙን ሳታስፈርም ይዛው ሄደች።

ያስጨነቀኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። እሷ ፎርም ይዛ ባትመጣ ኖሮ ይህን ማን ያውቀው ነበር? በክፍል ውስጥ “ጥያቄ አለ?” ሲባል ስልሳው ሰው ዝም ነው። “ገባችሁ?” ሲባል “አዎ” ይባላል። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ እውነት ነው። ግን ለመጠየቅ መጀመሪያ የጠፋብህን ነገር ማወቅ ይኖርብሃል። ልጅቱ አብሶሉት ቫልዩን እንደማታውቅ አታውቅም ነበር፤ ስለዚህ የምትጠይቀው ጥያቄ አልነበራትም። የነበራት “ሒሳብ አልቻልኩም” የሚል ፍርድ ብቻ ነው፤ ያንን ደግሞ ፎርም ላይ ይሞሉታል እንጂ እጅ አውጥተው አይጠይቁትም።

ይህ ትውልድ የመጣበትን መንገድ ማሰብም ያስፈልጋል። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል የነበሩ ልጆች ናቸው ከዓመታት በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ የደረሱት። ኢንቲጀርና አብሶሉት ቫልዩ የሚያዙበት ዕድሜ ያ ነው። ከዚያ ጦርነቱ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በጸጥታ ችግር የተዘጉት ትምህርት ቤቶች። የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ሲሰጥ፣ ማለትም የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲወጣ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። የሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ፕሮግራም የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ “ተማሪው ሰነፍ ነው” የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያንን ባለ ሁለት ቀለም ደብተር ባሳየው እላለሁ።

ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ሥራ አለ። ዩሪ ትሬይዝማን የሚባል የሒሳብ ምሁር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1970ዎቹ በካሊፎርኒያ፣ በርክሌይ የካልኩለስ ተማሪዎችን ተከታተለ። ጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ብዙዎቹ ይወድቁ ነበር። ሰዎች ምክንያት ያደረጉት የቤተሰብ ሁኔታን፣ ዝግጅትን፣ ፍላጎትን ነው። እሱ ግን ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ የሚያጠኑበትን መንገድ ተመለከተ። እነዚህ ተማሪዎች ይሠራሉ፤ ግን ብቻቸውን ነው የሚሠሩት። ቻይናውያን አሜሪካውያኑ ደግሞ መጀመሪያ ለየራሳቸው ይሠሩና ከዚያ ተሰብስበው አንዱ የሌላውን ይፈትሻል። ትሬይዝማን ተማሪዎቹን በቡድን የሚያሠራ ዎርክሾፕ አቋቋመ፤ የሚሰጣቸውም ቀለል ያለ የማካካሻ ጥያቄ አልነበረም፤ ጠንከር ያለ እንጂ። ውጤታቸው በግልጽ ተሻሻለ። ካነበብኩት ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ይህ ነው፦ ብቻውን የሚያጠና ተማሪ ስህተቱን የሚያሳየው ሰው የለውም።

ካሊፎርኒያ ሩቅ ነው ለሚል፣ መልሱ ከራሴ ክፍል ውስጥ ተነሥቷል። አንድ ቱቶሪያል ላይ የኤክስ ስኩዌር ስኩዌር ሩት ስንት ነው ብዬ ማን ሰሌዳ ላይ ይሠራል ስል እንደ ወትሮው ዝምታ ሆነ። ከኋላ አንድ ልጅ ተነሥቶ መጣ፤ ከሌሎቹ በዕድሜ ትንሽ በለጥ ይላል። “ኤክስ ነው” አለ በሙሉ ድምፅ። አንዳንዶቹ ሳቁ። እሱ አልደነገጠም። ኔጌቲቭ 3ን ሞክር አልኩት። “ኔጌቲቭ 3 ስኩዌር ዘጠኝ፤ የዘጠኝ ስኩዌር ሩት ሦስት። ሦስት ደግሞ ኔጌቲቭ 3 አይደለም። እንግዲህ ኤክስ አይደለም…” አለና ቆም አለ። ሁለት ረድፍ ያህል ተማሪ አብሮት ማሰብ ጀመረ፤ ያየሁት በዓይኔ ነው። “አብሶሉት ቫልዩ ኤክስ ነው!” ብሎ ጻፈው።

ሲወጣ አስቆሜ እንዴት እንዳላፈረ ጠየቅሁት። ዘመናዊ ትምህርት ከመግባቱ በፊት ቅኔ ቤት እንደነበረ ነገረኝ። “መምህር፣ እኔ የኔታ ፊት ስሳሳት ነው ያደግሁት። እዚያ ያልነገረ አይታረምም” አለኝ።

ስመ ጥሮቹ የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ ባሉበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቀን ለብቻው ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሲያወጣ ይውላል፤ ከዚያ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። ገና ጀማሪ ሆኖ ሁለት ቤት (ስንኝ) ባላት አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ላይ እያለ እንኳ የራሱን ሠርቶ ነው የሚናገረው፤ ሰምና ወርቁ ካልገጠመ እዚያው ይታረማል። ለብቻ መቁጠር፣ ከዚያ ሰው ፊት መንገር፣ ከዚያ መታረም፤ ትሬይዝማን በርክሌይ ላይ ያየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

እናም ቱቶሪያሉን እንደ ቅኔ ቤቱ “ነገራ”፣ የሠሩትን ሰው ፊት መንገር፣ አደረግነው። ተማሪው መጀመሪያ ጥያቄውን ብቻውን ይሞክራል፤ ምንም ቢሆን የሆነ ነገር ወረቀት ላይ ይኖረዋል። ከዚያ ሁለት ሁለት ይሆኑና አንዱ እያንዳንዱን መስመር ለምን እንደጻፈ ይነግራል፣ ሌላው ይሰማል። የሚሰማው “አልገባኝም፣ ከዚህ ወደዚህ እንዴት መጣህ?” የማለት መብት አለው። የሚሰጡት ጥያቄዎች ከሃንዳውቱ የማይገኙ ናቸው፤ ከሃንዳውቱ ከሆነ ይገለበጣላ። እኔ በመሐል እዞራለሁ።

ከሁሉ ያስቸገረው ሳቅ ነው። ሴቶቹ ተማሪዎች በተለይ አንድ ጊዜ ከተሳቀባቸው ለሳምንታት አይናገሩም። በዚህ ላይ ለስላሳ አይደለሁም፤ የሚስቅ ተማሪ ተነሥቶ የሚቀጥለውን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ይነግራል። ሦስተኛው ጊዜ ላይ የሚስቅ አልተገኘም።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ “እንዲህ እያደረግህ ምዕራፍ አራትን መቼ ልትጨርስ ነው?” ብሎ ሞግቶኛል። ሙግቱ ተገቢ ነው፤ ፈተናው ለሁሉም ሴክሽን አንድ ነውና ያልተሸፈነ ምዕራፍ ተማሪውን ይጎዳል። ስለዚህ ሌክቸሩን አልነካሁም፤ የቀየርኩት የቱቶሪያሉን ሰዓት ነው። ምርጫ ቢሰጠኝ ግን የቱን እንደምመርጥ ለእሱም ነግሬዋለሁ። የምዕራፍ አራቱን ሃይፐርቦላ በጥድፊያ ያለፈ ተማሪ በኋላ ሲያስፈልገው መጽሐፍ ገልጦ ይደርስበታል። አብሶሉት ቫልዩ ማይነስ ማጥፋት ነው ብሎ ያለፈ ግን ካልኩለስ ላይ የሊሚት ትርጉም ይጠብቀዋል። ትርጉሙ ሙሉ በሙሉ የተሠራው በርቀት ነው፦ ኤፕሲሎን የሚባል ማንኛውም ትንሽ ርቀት ቢሰጠን ዴልታ የሚባል ሌላ ርቀት ይገኝለታል፤ ከኤ የተለየ ኤክስ ከኤ ያለው ርቀት ከዴልታ ሲያንስ፣ የፈንክሽኑ ዋጋ ከሊሚቱ ያለው ርቀት ከኤፕሲሎን ያንሳል። እዚያ ውስጥ የሚጠፋ ማይነስ የለም። ሁለተኛ ዓመት ላይ “ኤፕሲሎን ዴልታ አይገባም” የሚሉ ተማሪዎችን ብዙ ሰው ኤፕሲሎኑ እንደከበዳቸው ያስባል፤ ብዙ ጊዜ የከበዳቸው ሁለቱ ዘንጎች ናቸው።

ልጅቱ ኮርሱን በሲ ጨረሰች። ኤ አይደለም፤ ግን ከየት እንደተነሳች አውቃለሁ። ፊዚክስ መርጣ ገብታለች።

አሁን የምንታገለው በአስነጋሪዎቹ፣ ማለትም ነገራውን በሚያግዙን ነባር ተማሪዎች ላይ ነው። እኔ ብቻዬን ስልሳ ሰው ስለማልደርስ ከሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪዎች ፈቃደኞች ቅዳሜ ከሰዓት እየመጡ ከየቡድኑ ጋር ይቀመጣሉ። ጎበዞች ናቸው፤ ችግሩም እሱ ነው። ፍሬሹ አንድ መስመር ላይ ሲቆም ሲኒየሩ እስክሪብቶውን ተቀብሎ “እንዲህ ነው” ብሎ እስከ መጨረሻ ይሠራለታል። ልጁ “እሺ፣ ገባኝ” ይላል፤ ደብተሩም ይሞላል። ስለዚህ ለአስነጋሪዎቹ የሰጠሁት መመሪያ አጭር ነው፦ እስክሪብቶውን አትንኩ፤ “ከዚያስ?” በሉ፤ ፈጽሞ ከቆመ የሚሞክርበት አንድ ቁጥር ስጡት፤ ቢቻል ኔጌቲቭ ቁጥር። አንዱ ባለፈው ቅዳሜ እጆቹን ከጠረጴዛው ሥር አስገብቶ ተቀምጦ አየሁት፤ ላለመቀበል ነው። በመጪው ሴሚስተር ለእነሱ ራሳቸው የሁለት ሰዓት ሥልጠና እንዲያዝላቸው ዲፓርትመንቱን ጠይቄያለሁ።