ደመወዙን ትንሽ ከፍ ብታደርጉት

ሥራ ሳይይዙ ወደ ውድ ከተማ መሄድን የሚደግፍ ዘመድ የለም። እኔ ዘንድ ቢያንስ አልተገኘም። አክስቴ ገና ከመስማቷ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ላንተ ነው» አለችኝ። አጎቴ ብዙ አልተናገረም። ሻንጣዬን ከላይ እስከ ታች አየና «ትልቅ ነው፤ ስትመለስ ይከብድሃል» አለ።

እኔ ግን እቅድ ነበረኝ። እቅዱ «እዚያ ስደርስ አያለሁ» ይባላል።

ደግሞ ዝም ብዬ አልተነሳሁም። አስቤበታለሁ። ከተማ የሚወደደው ለምንድን ነው? ሥራ ስላለ ነው። ሥራ ስላለ ሰው ይጎርፋል። ሰው ሲጎርፍ ቤት ይጠፋል። ቤት ሲጠፋ ኪራይ ይሰቀላል። ስለዚህ ኪራይ የተሰቀለበት ቦታ ሥራ አለ ማለት ነው። እስካሁን ድረስ በዚህ ስሌት ውስጥ ስህተት የሚያወጣልኝ ሰው አላገኘሁም። የጎደለው ነገር ቢኖር፣ ሥራው የሚደርሰው ለተወሰነ ሰው ሲሆን ኪራዩ ግን ለሁላችንም ይደርሳል።

የከተማዋን ስም ተዉት። ሜርሰር የሚባለው አማካሪ ድርጅት የዓለም ከተሞችን በኑሮ ውድነት ያወዳድራል። ኒው ዮርክን እንደ መነሻ ይዞ ከ200 በላይ የዕቃና የአገልግሎት ዋጋዎችን ያያል። እ.ኤ.አ. በ2024 አንደኛ ሆንግ ኮንግ፣ ሁለተኛ ሲንጋፖር፣ ሦስተኛ ዙሪክ ነበሩ። ከመሄዴ በፊት ይህን አንብቤ «የእኔዋ ከነዚህ ውስጥ የለችም» ብዬ ተጽናናሁ። በኋላ ነው ጥናቱ ለማን እንደሚሠራ የገባኝ። ሠራተኞቻቸውን ወደ ውጭ ለሚልኩ ኩባንያዎች ነው። ሰውየው ኑሮ እንዳይከብደው ምን ያህል እንክፈለው ብለው የሚያዩት ነው። ማንም ያልላከው፣ ማንም የማይከፍለው፣ ሻንጣ ይዞ በራሱ ጊዜ የመጣ ሰው ሰንጠረዡ ውስጥ ቦታ የለውም።

ያረፍኩት ጓደኛዬ ቤት፣ ሶፋ ላይ ነው። «ቤቴ ቤትህ ነው» አለኝ። እንደዚህ የሚል ሰው የቀን ገደብ አይናገርም፤ ገደቡ ግን አለ። ሰዓቱ ባለቤቱ ዘንድ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ጠዋት ጠዋት «ፍለጋው እንዴት ነው? አይዞህ፣ ይሳካል» ትለኝ ነበር። ከዚያ «ፍለጋውስ?» ሆነ። ከዚያ «እህስ?» ብቻ። በመጨረሻ ቅንድቧን ማንሳት ጀመረች። ለቅንድብ ምን መልስ ይሰጣል? እኔም ቅንድቤን አንስቼ እወጣ ነበር።

ስለዚህ ሥራና ቤት በአንድ ላይ መፈለግ ጀመርኩ። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚተበተበው። ቤት ለመከራየት የሥራ ማስረጃ ይጠይቁሃል። ሥራ ለመቀጠር «የምትኖረው የት ነው?» ይሉሃል። በየትኛውም ውድ ከተማ ያው ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ ብዙ አከራዮች የዓመት ገቢህ የወር ኪራዩን 40 እጥፍ ካልሆነ አያናግሩህም። ፓሪስ ውስጥ የወር ገቢህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ቢሆን ይወዳሉ። ሁሉም «ኪራይ ከገቢህ 30 በመቶ አይለፍ» ከሚባለው ጋር ይቀራረባል። ቁጥሩ አሜሪካኖች ለመንግሥት ቤቶች ያወጡት ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 25 በመቶ አሉ፣ በ1981 ወደ 30 አሳደጉት። እኔ ይህን ደንብ ለማክበር ሙሉ ፈቃደኛ ነበርኩ። የዜሮ 30 በመቶ ዜሮ ነው። ዜሮ የሚያስከፍል አከራይ ጠፋ እንጂ።

ማታ ማታ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ስልኬ ላይ አነባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 ሦስት ሰዎች በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለሙት፣ ክፍት ሥራ እያለ ሥራ ፈላጊውም እያለ ሁለቱ ቶሎ የማይገናኙበትን ምክንያት በማጥናት ነው። ዳይመንድ፣ ሞርተንሰንና ፒሳሪደስ ይባላሉ። ደስ አለኝ። የእኔ ችግር ኖቤል የሚያሸልም ችግር ነው። በዚሁ ዘርፍ «ሥራ ፈላጊ ከዚህ በታች አልቀበልም የሚለው ደመወዝ» የሚባል ነገር አለ። የእኔ ስደርስ በጣም ከፍ ያለ ነበር። ኪሴ ሲሳሳ እሱም አብሮ ወረደ። መጨረሻ ላይ «ምሳ ካለው ይበቃል» ላይ ቆሞ ነበር።

እንዲህ እያለሁ ከማላውቀው ቁጥር መልእክት መጣ። «ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ለኢንተርቪው ብትመጣ ደስ ይለናል» ይላል፣ ከነአድራሻው። ሌላ ምንም የለውም። ያን ሰሞን ለሥራውም ለክፍሉም የምልከው ጽሑፍ አንድ ነበር፦ «ታታሪ፣ ሰዓት አክባሪና ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ።» ኢንተርቪው የሚል ነገር ሲመጣ ደግሞ ሰው የሚያስበው ሥራ ነው። ሱፌን ተኮስኩ። ሲቪዬን በአምስት ኮፒ አሳተምኩ። የጓደኛዬ ባለቤት ሱፍ ስታይ ቅንድቧ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ጥርሷን አየሁት።

አድራሻው መኖሪያ ቤት ነው። በሩን የከፈተልኝ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ያለ ወጣት ነው። ትንሽ ደነገጥኩ፤ ግን «ስታርትአፕ ይሆናል» አልኩ። አሁን አሁን እንደዚህ ነው አይደል የሚሠሩት? ሳሎን ገባሁ። መሃል ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ መነጽራቸውን አድርገው ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጇ። በግራ ባለነጠላ ጫማው። በቀኝ ፀጉሯን በፎጣ የጠቀለለች ልጅ። የሰው ኃይል ክፍል መሆን አለባት። ለሦስቱም ሲቪ አደልኩ።

ሴትዮዋ ሲቪውን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው «እንዲህ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ልቤ ሞላ።

«ከዚህ በፊት የት ነበርክ? ለምንስ ለቀቅክ?»

«ችግር ኖሮብኝ አይደለም። ማደግ ፈልጌ ነው።»

«ከሰው ጋር እንዴት ነህ?» አለች ባለፎጣዋ።

«በቡድን መሥራት ዋናው ጠንካራ ጎኔ ነው።»

«ማታ ታመሻለህ?»

«ካስፈለገ አድራለሁ! ቅዳሜና እሁድም አለሁ። በዓልም ቢሆን አልቀርም።»

ባለነጠላ ጫማው ፊቱ ጠቆረ። «ቅዳሜና እሁድም?» አለ ቀስ ብሎ። ሰነፍ ነው ብዬ አለፍኩት። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም።

«ንጽሕና ላይስ?» አሉ ሴትዮዋ።

«እጄ ንጹሕ ነው። በገንዘብ ተጠርጥሬ አላውቅም። የቀድሞ አለቃዬን መጠየቅ ይችላሉ።»

ሴትዮዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሁን እሺ። ሰው ታመጣለህ?»

የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። «የምታወቀው በሱ ነው» አልኩ፣ ክራባቴን አስተካክዬ። «መጀመሪያው ወር ላይ ሃያ ሠላሳ አዲስ ሰው ማምጣት እችላለሁ። ከዚያ እነሱም ሌላ ሰው ይዘው ይመጣሉ።»

ባለፎጣዋ ፎጣዋን ይዛ ቀረች።

ሴትዮዋ ግን አስተዋይ ናቸው። ቀልድ መሰላቸው መሰለኝ፣ ሳቅ ብለው ወደ ገንዘቡ ገቡ። «በወር ይህን ያህል ነው» ብለው አንድ ቁጥር ተናገሩ። ቁጥሩ ክፉ አልነበረም። ከምሳ በጣም ይሻላል። ግን የሥራ ፍለጋ መካሪዎች ሁሉ መጀመሪያ የተባለውን ዋጋ ዝም ብለህ አትቀበል ይላሉ።

«ካለኝ ልምድ አንጻር ትንሽ ከፍ ብታደርጉት ደስ ይለኛል» አልኩ።

ቤቱ ጸጥ አለ።

«ከፍ?» አሉ ሴትዮዋ።

«አዎ። ብዙም አልልም። አሥር፣ አሥራ አምስት በመቶ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና መልሰው አደረጉት። «በየዓመቱም ጭማሪ አለው» አሉ፣ እያመነቱ።

«በየስድስት ወሩ ቢሆንስ?»

ባለነጠላ ጫማው ብድግ አለ። «ወንድሜ» አለኝ፣ ድምፁ እየተንቀጠቀጠ፣ «ምን አድርገንህ ነው?»

በዚህ መሃል ሴትዮዋ ተነስተው «ና እስኪ፣ ክፍሉን ልይህ... ልየው... ላሳይህ» አሉ። ምላሳቸው ተያይዞ ነበር። የራሴ ቢሮ! ተከትዬ ሄድኩ። በሩን ከፈቱ። አልጋ አለ። እንኳን ቢሮ፣ ወንበር የለም። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ አንዲት መስኮት። ለአንድ አፍታ «ሠራተኛ እንዲያርፍ የሚያስብ ድርጅት ነው» ብዬ ለማሰብ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ያ ሁሉ «ማታ ታመሻለህ»፣ «ሰው ታመጣለህ» ተራ በተራ እየተመለሰ ትርጉሙ ተቀየረ። ከሁሉ የከፋው የመጨረሻው ነው። የገዛ ኪራዬን በ15 በመቶ ለማስጨመር፣ ያውም በየስድስት ወሩ፣ በሱፍ ተከራክሬያለሁ።

ነገሩን ስናገር ባለፎጣዋ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት መሬት ላይ ተቀመጠች። ባለነጠላ ጫማው አቀፈኝ። ሴትዮዋ ብቻ አልሳቁም። ሒሳብ ላይ ናቸው። «ልጄ፣ አንተን ወድጄሃለሁ» አሉኝ። «በመጀመሪያው ዋጋ ግባ። ግን ከመሥሪያ ቤትህ ደብዳቤ አምጣ። ደመወዝህ የኪራዩን ሦስት እጥፍ የሚል።» አዩኝ። ሱፉን፣ ክራባቱን፣ አምስቱን ሲቪ። «መሥሪያ ቤት አለህ አይደል?»

በዚያው ሳምንት እውነተኛው ኢንተርቪው መጣ። ሕንፃው ቢሮ ነው፣ ሰዎቹ ጫማ አድርገዋል፣ ጠረጴዛው ላይ ውሃ አለ። እኔ ግን ማመን ትቻለሁ። አልጋ የት ደብቀው ይሆን እያልኩ በሮቹን አያለሁ። ጠያቂው «አንተስ የምትጠይቀን ነገር አለ?» ሲለኝ ከአፌ ያመለጠው «መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው?» የሚል ነው።

ሰውየው ትንሽ አሰበ። «አዎ፣ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው» አለ። «ከፈለግክ አሁን መሄድ ትችላለህ።»

ሄድኩ። ምን አማራጭ ነበረኝ? እጄን ታጥቤ ስመለስ ፎርም ሰጡኝ። «ቋሚ አድራሻ» ይላል። የሴትዮዋን ቤት ጻፍኩ። ሴትዮዋ ደግሞ የነሱን ደብዳቤ እየጠበቁ ነው። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርስ ሲተያዩ እኔ መሃል ቆሜ ፈገግ እላለሁ።

ሥራውን ሰጡኝ። ደብዳቤውም ወጣ። ደመወዙ የኪራዩ ሦስት እጥፍ አይደለም። ሁለት እጥፍ ከምናምን ነው። ከፍ እንዲያደርጉት ልጠይቅ ነበር፤ ግን ያንን ንግግር ሌላ ቦታ ጨርሼዋለሁ። ሴትዮዋ ደብዳቤውን አንብበው «እንግዲያው ዋስ አምጣ» አሉ። ይህም በየአገሩ ያለ ነው። ሲጎድልብህ ሌላ ሰው ይፈርምልሃል። ባትከፍል እሱ ይከፍላል። ከባድ ነገር ነው፤ ሰው ለወንድሙም ያመነታል።

ማታ ጓደኛዬን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ለመንኩት። ግዴታውን አንድ በአንድ አስረዳሁት። «በደንብ አስብበት፣ እስከ ነገ ጊዜ አለህ» አልኩት። ወረቀቱን ከእጄ ቀማኝ። ሳያነብ ፈረመ። ባለቤቱ «እኔስ የት ልፈርም?» አለች። የሚፈርሙበት ቦታ አንድ ብቻ ነው ስላት፣ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባው ላይ ፈረመች።