ደብተሩ የት ሄደ?

የልጄ ትምህርት ቤት ለእያንዳንዱ ተማሪ ክሮምቡክ የሚባለውን ላፕቶፕ ሲያድል ደስ ብሎኝ ነበር። ነፃ ነው፣ ቤትም ይዞት ይመጣል። ቅር ያለኝ በኮምፒውተሩ አይደለም፤ እሱ ሲመጣ ደብተሩ በመቅረቱ ነው።

የአገሩን ቋንቋ በቅጡ ያልያዘ ወላጅ እንኳ ደብተር ሲገልጥ ብዙ ነገር ይገባዋል። ቀይ እስክሪብቶ የትም አገር ቀይ እስክሪብቶ ነው፤ ባዶ የቀረ ገጽም ያው ባዶ ነው። አሁን ያ ሁሉ ጎግል ክላስሩም በሚባለው፣ የቤት ሥራ በሚሰጥበትና በሚገባበት ድረ ገጽ ውስጥ፣ በልጁ ፓስወርድ ተቆልፏል። "የቤት ሥራህስ?" ስለው "ሰብሚት አድርጌዋለሁ አባዬ" ይለኛል፤ አስገብቻለሁ ማለቱ ነው። ምን ብዬ ልከራከረው? የአስተማሪዋን መልእክት የሚያነብልኝም እሱ ነው። የሚገርመው፣ እሱ ካነበበልኝ መልእክት ውስጥ አንድም ወቀሳ ሰምቼ አላውቅም!

ስልክ ክፍል ውስጥ ክልክል ነው። ብዙ አገር ወደዚያው እየሄደ ነው፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 በሕግ ከልክላለች። ስልኩን ነጥቆ ኢንተርኔት ያለው ላፕቶፕ ማደል ግን ለእኔ እምብዛም አይዋጥልኝም። ፒሳ በሚባለው፣ የ15 ዓመት ተማሪዎችን በሚፈትነው ዓለም አቀፍ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በኦኢሲዲ አገሮች (በአብዛኛው የበለጸጉ አገሮች ድርጅት ነው) በአማካይ 65 በመቶ ተማሪዎች ቢያንስ በአንዳንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ዲጂታል መሣሪያ ሐሳባቸውን እንደሚበትነው ተናግረዋል። ስዊድንም እ.ኤ.አ. በ2023 ፊቷን ወደ ታተመ መጽሐፍ መልሳ ገንዘብ መድባለች።

እንደ እኔ ግራ ለገባችሁ ወላጆች፦ ጎግል ክላስሩም ልጁ ያላስገባውንና የማስገቢያው ቀን የቀረበውን የቤት ሥራ ዘርዝሮ በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ ለወላጅ ኢሜይል መላክ ይችላል። ትምህርት ቤቱ ካልፈቀደውና ኢሜይላችሁ ካልተመዘገበ ግን አይመጣም፤ ስለዚህ ጠይቁ። የመጣውን ጎግል ትራንስሌት ላይ ለጥፉት፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ አማርኛ ይተረጉማል። አንዳንዴ ያስቃል፣ ግን ልጁ ያስገባውን የቤት ሥራ ካላስገባው ለመለየት ይበቃል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ፣ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለሚከብደው ወላጅ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። አስተማሪ ፊት ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉት፤ የራሱን ክስ ራሱ እንዲተረጉም መጠየቅ ነው።

እኔ አስተማሪዋን በአስተርጓሚ አነጋግሬ ኢሜይሌን አስመዘገብኩ፤ ሒሳብ በወረቀት እንዲሠራም ጠየቅኋት። ተስማማች። አሁን ወረቀት ላይ ይሠራል፣ እኔ አየዋለሁ፣ ከዚያ ፎቶ አንስቶ ይልክላታል።