ሰባት ሺህ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ካሰል

ከፍራንክፈርት ወደ ካሰል የሄድሁት በየመንደሩ በሚቆመው ባቡር ነው፤ ወርኃዊ ትኬቴ በፈጣኑ ባቡር አይሠራም። ጥቅምት ወር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ተሳፍሬ ማርቡርግ ስንደርስ ባቡሩ ይህ ነው የሚባል ማብራሪያ ሳይሰጥ አርባ ደቂቃ ቆመ። አዲስ አበባ ሳለሁ ታክሲ እስኪሞላ አርባ ደቂቃ ተቀምጬ ቅር የማይለኝ ሰው፣ ጀርመን አገር ዘጠኝ ዓመት ከኖርሁ ወዲህ የአምስት ደቂቃ መዘግየት እንኳ የሚያበሳጨኝ ሆኛለሁ። ካሰል የደረስሁት ፊቴን አጥቁሬ ነው።

የሄድሁበት ጉዳይ ዛፍና ድንጋይ ነው። ዮሴፍ ቦይስ የሚባለው ጀርመናዊ የክዋኔ ጥበብ ሰው ፖለቲካን የሚሠራው ሰውን በማስቆጣት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1972 ዱሰልዶርፍ በሚያስተምርበት የሥነ ጥበብ አካዳሚ፣ ማመልከቻቸው ውድቅ ከሆነባቸው ተማሪዎች ጋር ጽሕፈት ቤቱን በመያዙ ከሥራው ተባረረ። በ1974 ደግሞ ኒው ዮርክ ሄዶ በአንድ ጋለሪ ውስጥ ኮዮት ከሚባለው የዱር ውሻ ጋር ለሦስት ቀን አብሮ ዋለ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ጋለሪው የተወሰደው ፌልት በሚባለው የታመቀ የበግ ጠጉር ተጠቅልሎ በአምቡላንስ ስለነበር፣ እግሩ የአሜሪካን ምድር ሳይረግጥ ተመለሰ። የጀርመን አረንጓዴ ፓርቲ ሲመሠረትም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበር።

ካሰል ላይ የሠራው ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከተማዋ በየአምስት ዓመቱ ለ100 ቀናት ዶኩሜንታ የሚባል ታላቅ የሥነ ጥበብ ኤግዚቢሽን ታስተናግዳለች። በ1982 ቦይስ 7,000 የባዛልት ድንጋይ አስጭኖ አምጥቶ በከተማዋ መካከል በሚገኘው በፍሪድሪሽ አደባባይ ላይ አስቆለለው። ደንቡ አጭር ነበር፦ 500 የጀርመን ማርክ የከፈለ ሰው አንድ ዛፍ ያስተክላል፤ ከዛፉ ጎን አንድ ድንጋይ ይቆማል፤ ክምሩም በአንድ ድንጋይ ይጎድላል። ዛፉ ካልተተከለ ድንጋዩ ከአደባባዩ አይነሣም።

ዛሬ አደባባዩ ላይ ክምር የለም። ይህን አስቀድሜ ባውቅም ባዶውን ሜዳ ሳየው ቅር አለኝ፤ ሰው የለቅሶ ቤት ዘግይቶ ደርሶ ድንኳኑ ተነቅሎ ሲያገኝ የሚሰማው ዓይነት ስሜት ነው። በ1779 ከተከፈተው ከፍሪደሪሲያኑም ሙዚየም ፊት ለፊት ኦክ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ዛፎች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛውን ቦይስ ራሱ መጋቢት 1982 ተከለው፤ ሁለተኛውን፣ ማለትም የመጨረሻውን፣ አባቱ ከሞተ ከዓመት ከመንፈቅ ገደማ በኋላ በ1987 ልጁ ተከለው። በመጀመሪያው ዛፍ ድንጋይ ላይ አንድ ወጣት ብስክሌቱን አስደግፎ ስልኩን ይነካካ ነበር። ድንጋዩ ምን እንደሆነ ያውቅ እንደሆነ ብጠይቀው የብስክሌት ማቆሚያ መስሎት እንደነበር በትሕትና ነገረኝ።

ስለ ሌሊቱ ብዙ ባልናገር እመርጣለሁ፤ ሆኖም መናገሬ አይቀርም። ያረፍሁበት አነስተኛ ሆቴል በስልክ የነገረኝ ዋጋ 79 ዩሮ ነበር፤ ጠዋት ሒሳብ ስጠይቅ 95 ሆኖ ቀረበልኝ። 16ቱ ዩሮ የቁርስ ነው ተባለ። ቁርስ አልበላሁም ብል ቁርሱ ቀርቦ ነበር የሚል መልስ ተሰጠኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለው የማሞቂያ ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሰው በማንኪያ የሚመታው ይመስል ሲንኳኳ አድሮ ስለነበር ለመከራከር ጉልበት አልነበረኝም፤ ከፍዬ ወጣሁ። አገሬ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱን አስጠርቼ፣ ተሟግቼ፣ በመጨረሻም ቡና ጋብዞኝ እንለያይ ነበር።

እሑድ ጠዋት ግን ነገሩ ተቃና። ዛፎቹ በመላ ከተማዋ የተበተኑ ስለሆነ አንድ መንገድ መርጬ ድንጋይ እየቆጠርሁ ስሄድ፣ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የሚጠጋ እናት ከቤታቸው ደጃፍ የረገፈ ቅጠል ሲጠርጉ አገኘሁ። ዛፉን ጎንበስ ቀና እያልሁ ሳየው ቆይተው፣ የማዘጋጃ ቤት ሰው እንደሆንሁ ጠየቁኝ። አለመሆኔን ስነግራቸው መጥረጊያቸውን ግንዱ ላይ አስደግፈው ማውራት ጀመሩ።

ክምሩን አምርረው ይጠሉት እንደነበር ነው የነገሩኝ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1943 ካሰል በእንግሊዞች ቦምብ ስትጋይ እርሳቸው ሕፃን ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የልጅነት ዘመናቸውን ያሳለፉት በፍርስራሽ መካከል ነው። «ድንጋዩን ከከተማችን ጠርገን የጨረስነው በስንት መከራ ነው፤ ይህ ባርኔጣ ለባሽ ቦይስ መጥቶ መልሶ ቆለለብን» አሉኝ። ባለቤታቸው ደግሞ መኪና የሚያቆምበት ቦታ ለዛፍ ተወሰደ ብሎ ከጎረቤት ጋር ተኳርፎ ነበር። ሆኖም የደጃፋቸውን ዛፍ ከፍለው ያስተከሉት እርሳቸው ናቸው። ታዲያ ለምን ከፈሉ ብዬ ስጠይቃቸው ሳቁ፦ «ክምሩ እንዲጠፋልኝ ነዋ! ዛፉን ብዬ አይደለም።»

ቦይስ ሰውን በማስቆጣት ምን ሊያገኝ እንደፈለገ በብዙ ጽሑፍ አንብቤ ያልገባኝ ነገር በዚህች አንድ መልስ ገባኝ። የወደደው ሰው ዛፍ ተከለ፤ የጠላውም ክምሩን ለመገላገል ከመትከል በቀር መንገድ አልነበረውም። ዛሬ እኒያ እናት ከሦስት ፎቅ ቤታቸው በላይ የረዘመውን ዛፍ ቅጠል በየጥቅምቱ እያጉረመረሙ ይጠርጋሉ። ድንጋዩንም እንዲሁ በመጥረጊያው ጫፍ አራገፉት።

ቆሜ የማስበው ስለ እኛ አገር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ጀንበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲነገር እኔም ከሩቅ ሆኜ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እዚህ 7,000 ዛፍ ለመትከል አምስት ዓመት ፈጅቷል። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ችግኝ ጎን አንድ ድንጋይ ቢቆም ኖሮ የጸደቀውንና የደረቀውን ማንም አላፊ አግዳሚ ቆጥሮ ይናገር ነበር። ገበሬው ድንበር ላይ ድንጋይ የሚተክለው ነገ ለሚነሣው ክርክር ምስክር እንዲሆነው ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ አብርሃም ድንኳኑን የተከለበትን የመምሬን ዛፍ «አድባር» ይለዋል፤ በአንዳንድ ሌሎች ቋንቋዎች ግን ይኸው ኦክ ተብሎ የሚተረጎም ነው። አድባሩን እንኳ ቅቤ የሚቀቡት የኖረውን ዛፍ ነው እንጂ የተተከለ ዕለት አይደለም።

ከሰዓት በኋላ ኖየ ጋለሪ የሚባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገባሁ። እዚያ የቦይስ «መንጋ» የሚባል ሥራ አለ፦ ከአንድ አሮጌ ፎልክስዋገን ሚኒባስ ኋላ 24 የበረዶ መንሸራተቻዎች ወጥተው ተሰልፈዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የተጠቀለለ ፌልት፣ ሞራና የእጅ ባትሪ ታስሮበታል። ቦይስ በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላኑ ክራይሚያ ላይ ሲወድቅ ታታሮች አግኝተው ሞራ ቀብተው በፌልት ጠቅልለው እንዳዳኑት ይተርክ ነበር፤ በኋላ የተገኘው መረጃ ግን ያነሡት ጀርመናውያን ወታደሮች መሆናቸውን ያሳያል። ለሂትለር የተዋጋ ሰው ስለራሱ እንዲህ ያማረ ተረት ሲፈጥር አልወደድሁለትም። መንሸራተቻዎቹን አንድ ጊዜ ዞሬ ወጣሁ፤ ልቤ ያለው ከደጅ ካሉት ድንጋዮች ዘንድ ነበር።

ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ያየሁት ከሁሉም በላይ አቆመኝ። አሮጌው ዛፍ ሞቶ ይሁን ተሰብሮ ተነሥቶ፣ በቦታው በሁለት እንጨት የተደገፈ ለጋ ችግኝ ተተክሏል። ድንጋዩ ያው የጥንቱ ነው፤ አንድ ጎኑን የድንጋይ ሽበት የበዛበት፣ እስከ ወገቤ የማይደርስ። ከችግኙ ግንድ አጠገብ ሲታይ ግን ግዙፍ ሆኗል። በሌሎቹ መንገዶች ሁሉ ዛፉ ድንጋዩን አሳንሶት አይቼ ነበር፤ እዚህ ግን 1982 ላይ የቆምሁ መሰለኝ። ከችግኙ እግር ስር ያለው አፈር እርጥብ ነበር፤ በዚያው ጠዋት አንድ ሰው ውኃ አጠጥቶታል።

ቆጠራዬን 212 ላይ አቆምሁ፤ የባቡሩ ሰዓት 10 ከሩብ ነበርና። እርሱም ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ መጣ።