የስቱዲዮ ፍላሽ፣ ዋይት ባላንስና ነጭ የሀበሻ ልብስ

ፎቶ የማነሳቸው ቤተሰቦች አብዛኞቹ ወደ ስቱዲዮ የሚመጡት የሀበሻ ልብስ ለብሰው ነው። ነጭ ቀሚስ ላይ ጥቂት ቢጫ ወይም ሰማያዊ ጣል ካለበት ዓይን ወዲያው ይለየዋል፤ የፊት ቀለምም አብሮ ይበላሻል። ዋይት ባላንስን፣ ማለትም ነጭ ነገር በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ እንዲወጣ የሚደረገውን የቀለም ማስተካከያ፣ ለካሜራው አውቶማቲክ ምርጫ የማልተወው ለዚህ ነው። አውቶማቲኩ የሚፈርደው ፎቶው ውስጥ ባገኘው ቀለም ነው። የፍላሹ ብርሃን ሳይለወጥ ፊትን አቅርቤ ሳነሳ አንድ ቀለም፣ ቀሚሱን ሙሉ ሳስገባ ሌላ ቀለም ይሰጠኛል። ሁለቱ ፎቶዎች አልበም ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንድ ቀን ሥራ አይመስሉም።

መጀመሪያ ሌላ ብርሃን አለመግባቱን አረጋግጣለሁ። ካሜራውን ጥቂት ብርሃን ብቻ በሚቀበልበት ቅንብር (አይ ኤስ ኦ 100፣ ሹተር 1/125፣ ኤፍ 8) ላይ አድርጌ ፍላሹ ሳይተኮስ አንድ ፎቶ አነሳለሁ፤ ጥቁር ሆኖ መውጣት አለበት። የአምፖል ብርሃን ከታየበት፣ 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ቢጫ ይሆናል) አካባቢ ያለው ቢጫ ብርሃን 5500 አካባቢ ካለው ፍላሽ ጋር ተቀላቅሏል ማለት ነው። ሁለቱን በአንድ ዋይት ባላንስ ማስታረቅ ስለማይቻል አምፖሉን አጠፋለሁ።

5500 የምትለውን ቁጥር ለመነሻ ብቻ እጠቀምባታለሁ። ብዙ ያገለገለ የሶፍትቦክስ (ፍላሹ ላይ ተገጥሞ ብርሃኑን የሚያለሰልስ ሳጥን) ጨርቅ ቢጫ ይሆናል፤ ቀለም የተቀባ ግድግዳም ብርሃኑን በራሱ ቀለም ይመልሰዋል። የፍላሹ ኃይል ሲቀነስ ደግሞ፣ እንደ አሠራሩ፣ አንዳንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዳንዱ ወደ ሰማያዊ ያዘነብላል። ስለዚህ ተነሺው ግራጫ ካርድ (ለመለኪያ የተሠራ፣ ወደ ምንም ቀለም የማያዘነብል ካርድ) አገጩ ሥር እንዲይዝልኝ አደርግና ካርዱን ፍሬሙ ሙሉ አድርጌ በፍላሹ ብርሃን አነሳዋለሁ። ካርዱ ላይ ሌንሱ የሚይዘው መስመር ስለሌለ አውቶፎከስ ይቸገራል፤ ፎከሱን በእጅ ማድረግ ይሻላል። በካኖን ካሜራዬ ከዚያ በኋላ ሜኑው ውስጥ ገብቼ ይህንኑ ፎቶ ለዋይት ባላንስ መለኪያነት እመርጣለሁ። የፍላሹን ኃይል ብዙ ከለወጥኩ እንደገና እለካለሁ።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን እናትና ሙሽራ ልጇን አብሬ ያነሳሁበት ሥራ ነው። እናትየው የለበሰችው በእጅ የተፈተለ ጥጥ ነበር፤ ልጅቷ የፋብሪካ ክር። በአንድ ፍላሽ ሥር የእናትየው ነጠላ ወተት የመሰለ ሆኖ ሲወጣ የልጅቷ ቀሚስ ሰማያዊ ጣለበት። የፋብሪካ ጨርቅ ነጭነቱን ለማጉላት ኬሚካል ይጨመርበታል፤ ኬሚካሉ ከፍላሹ የሚወጣውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ ብርሃን ይመልሳል። በዚያ ቀሚስ ለክቼ ቢሆን ኖሮ የሁለቱም ፊት ቢጫ ይሆን ነበር። ነጭ ወረቀትም ብዙውን ጊዜ ይኸው ኬሚካል አለበት፤ ለመለኪያነት አይታመንም። ካርዱ ፊታቸውንና ነጠላውን በትክክል ሰጠኝ፤ የቀሚሱን ሰማያዊ ደግሞ በሮው ፋይሉ (ካሜራው ሳያቀነባብር ባስቀመጠው ጥሬ ፎቶ) ላይ ቀሚሱን ብቻ መርጬ ቀነስኩት። የእናትየውን ነጠላ አልነካሁትም፤ የእጅ ፈትል መልኩ እንደዚያ ነው።