ብየዳን ሳይሰብሩ መፈተሽ፦ አልትራሳውንድ ላይ የደረስኩበት

ሰላም ጓዶች፣ በዓይን ፍተሻ ጀምሬ በፔኔትራንት (ስንጥቅ ውስጥ በሚሰርግ ቀለም) እና በማግኔት ዱቄት አድርጌ አሁን አልትራሳውንድ (በጆሮ የማይሰማ ድምፅ ብረቱ ውስጥ ልኮ የሚመለሰውን ማየት) ላይ ደርሻለሁ። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

ፔኔትራንት ቀላሉ ነው፤ የሚያሳየው ግን አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ጉድለትን ብቻ ነው። አደራ የምለው ማጽዳቱ ላይ ነው። ትርፉን ቀይ ፈሳሽ ማጽጃ በነካ ጨርቅ ጥረጉት እንጂ ማጽጃውን በቀጥታ ብየዳው ላይ አትርጩ። ስንጥቁ ውስጥ የሰረገውን ጭምር አጥቦ ያወጣውና ነጩ ዴቨሎፐር (ቀለሙን ከስንጥቁ ስቦ የሚያሳየው ዱቄት) የሚስበው ነገር ያጣል።

የአቅጣጫ ነገር የመጣው ማግኔት ዱቄት ላይ ነው። ዱቄቱ የሚሰበሰበው ስንጥቁ የማግኔቱን መስክ ሲያቋርጠው ነው፤ ከመስኩ ጋር አብሮ ከተኛ አይታይም። ስለዚህ ዮኩን (ብረቱን የሚያመገንጠውን ባለ ሁለት እግር መሣሪያ) 90 ዲግሪ አዙሮ መድገም ግድ ነው። ከዚያ ወዲህ መሣሪያ ከማንሳቴ በፊት «ጉድለት ቢኖር በየት በኩል ይተኛል?» ብዬ እጠይቃለሁ።

አልትራሳውንድ ላይ ደግሞ ሥራው ሁሉ በዚህ ጥያቄ ላይ የቆመ ነው። መለማመጃዬ ሆን ተብሎ ጉድለት የተቀበረበት ባለ 20 ሚሊ ሜትር ሳህን ነው፤ ጠርዞቹ በ30፣ በ30 ዲግሪ ተቆርጠው በቪ ቅርጽ ተበይደዋል። በአንደኛው ጎን ብየዳው ከብረቱ ጋር አልተዋሃደም። መሣሪያውን በቪ1 ብሎክ (ልኩ በታወቀ ማስተካከያ ብረት) አስተካክዬ በ70 ዲግሪ ፕሮብ (ድምፁን በዚያ ማዕዘን ልኮ በሚቀበለው) ስፈልገው ብቅ ያለችው ትንሽ ኤኮ (ነጥሮ የተመለሰ ድምፅ ምልክት) ናት፤ ቸኩሎ ማለፍ ይቻላል። ወደ 60 ዲግሪው ስቀይር ግን ኤኮው ስክሪኑን ሞላው።

ምክንያቱን ወረቀት ላይ ሳሉት፤ ሲገጥም ማየቱ ደስ ይላል። ማዕዘኖቹ ሁሉ የሚለኩት ለሳህኑ ገጽ ቀጥ ካለው መስመር ነው፤ ጠርዙ በ30 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ፣ በ60 ዲግሪ የገባው ድምፅ ከሳህኑ ግርጌ ነጥሮ ወደ ላይ ሲመለስ ያንን ገጽ ቀጥ ብሎ ይመታውና በመጣበት ይመለሳል። የ70ው ከቀጥታው 10 ዲግሪ ዘመም ብሎ ስለሚመታው አብዛኛው ድምፅ ሌላ ጋ ይሄዳል። በ60 ዲግሪ ድምፁ ግርጌውን የሚነካው ከፕሮቡ መውጫ ነጥብ 35 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቆ ነው፣ ላይኛው ገጽ የሚደርሰው 69 ገደማ ላይ። ያልተዋሃደውን ጎን በእነዚህ ሁለት ርቀቶች መካከል እያስገባሁ ነው የምፈትሸው።

የዚሁ ሳህን የራዲዮግራፊ (በጨረር የተነሳ) ፊልም ላይ የአየር ቀዳዳዎቹ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ያልተዋሃደው ጎን ግን ደብዛዛ ጭረት ነው። ጨረሩ ቀጭኑን ክፍተት አሻግሮ ስለሚያልፈው የሚፈጠረው የጥቁረት ልዩነት ኢምንት ነው። ጠፍጣፋ ጉድለት ለሚያሰጋው ብየዳ ፊልም ብቻውን አይበቃም ባይ ነኝ።

አሁን የያዝኩት የብየዳውን ሥር ነው። ወደ ታች ያበጠው ብየዳ ራሱ ኤኮ ስለሚመልስ ከስንጥቅ ጋር ይመሳሰላል። ከሁለቱም ጎን ለክቼ እስላለሁ፤ ከግራም ከቀኝም ስለካው ከመሃል መስመሩ አልፎ ከወደቀ ያበጠው ቅርጽ ነው፣ ሁለቱም ልኬት አንድ ቦታ ላይ ከገጠመ ስንጥቅ እጠረጥራለሁ። በቀጭን ሳህን ላይ ይህን የሠራችሁ ካላችሁ የትኛውን ፕሮብ እንደመረጣችሁ ንገሩኝ።