ክሪኬት መማር፣ አራተኛ ወር፦ «ባንግላዋሽ»

ይህን ወር የበላው አንድ ቃል ነው። ራን (ነጥብ)፣ ዊኬት (የመቺ መውጣት)፣ ኦቨር (የስድስት ኳስ ዙር) የሚባሉትን ቀደም ብዬ ጨርሻቸዋለሁ፤ አሁን ማን እየመራ እንደሆነ ሳልጠይቅ ጨዋታ እከታተላለሁ።

እዚህ ሻርጃ አብረውኝ የሚኖሩት የሥራ ጓደኞቼ ባንግላዲሾች ናቸው። አርብ ጠዋት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ፣ በኤሌክትሪክ ቴፕ በጠቀለልነው የቴኒስ ኳስ አሸዋው ላይ እንጫወታለን። ባለፈው አርብ ቡድናችን ሲያሸንፍ ደስ ብሎኝ «ባንግላዋሽ!» ብዬ ጮህኩ። ሁሉም ዝም አሉ። በዕድሜ የሚበልጠን ሰውዬ፣ ሁላችንም «ባይ» የምንለው (ወንድም ጋሼ እንደማለት ነው)፣ ባቱን (የኳስ መምቻውን) አሸዋው ላይ ተክሎ «ለአንድ ጨዋታ አይባልም» አለኝ። ተጋጣሚ አንድም ሳያሸንፍ ሲሪሱን (ተከታታይ ግጥሚያዎቹን) ጨርሶ ባዶውን ሲሸኝ ነው የሚባለው።

ጆሯችሁ እንደኔ አማርኛ ከሆነ «ዋሽ» ሲባል ውሸት ውሸት ይላችኋል፤ አይገናኙም። ተጋጣሚን ጠራርጎ ማሸነፍን እንግሊዞቹ «ኋይትዋሽ» ይሉታል፣ ግድግዳ ኖራ ከመቀባት የመጣ ቃል ነው። ዌስት ኢንዲስ (የካሪቢያን አገሮች የጋራ ቡድን) እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝን በሜዳዋ 5 ለ 0 ስትረታ ደጋፊዎቿ ነጩን በጥቁር ለውጠው «ብላክዋሽ» አሉት። ባንግላዲሾች ደግሞ በአገራቸው ስም ተኩት። የቴስት (የረጅሙ፣ የበርካታ ቀናት ክሪኬት) ደረጃ ካገኘችበት ከ2000 ጀምሮ ለዓመታት ባዶዋን ስትሸኝ የኖረችው ባንግላዲሽ ነበረች። ለዚህ ነው ቃሉን እንዲህ የሚሳሱለት፤ እኔም ይህን ሳውቅ ነው የወደድኩት።

ቃሉ አገር ያዳረሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2010 ኒውዚላንድ ለአምስት ጨዋታ የባንግላዲሽ ዋና ከተማ ዳካ በመጣች ጊዜ ነው። ከአምስቱ አንዱን ጨዋታ ዝናብ ወሰደው፣ ውጤቱ 4 ለ 0። አምስተኛውን ባይ በስልኩ አሳየኝ። ባንግላዲሽ 174 ራን ብቻ አስመዝግባለች፣ ኒውዚላንድ በመጨረሻው ኦቨር 171 ላይ ደርሳለች፣ የቀራት አንድ ዊኬት ነው። የባንግላዲሹ ሩቤል ሆሴን ወረወረ፣ ከመቺው ካይል ሚልስ ጀርባ ያሉት እንጨቶች ተበተኑ። በ3 ራን አለቀ! ባይ ስንት ጊዜ እንዳየው እንጃ፣ ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አሁንም ትንፋሹን ይይዛል።

ዝናብ የወሰደው ጨዋታ እያለ «ሙሉ» ይባላል ወይ ብዬ ተከራክሬያለሁ። አሁን ግን ይባላል እላለሁ፤ ኒውዚላንድ አንድም አላሸነፈችማ።

በ2015 ፓኪስታንም 3 ለ 0 ተሸኝታለች። ከዚያ በፊት ባንግላዲሽ በአንድ ቀን በሚያልቀው የክሪኬት ዓይነት ፓኪስታንን የረታችው አንዴ፣ በ1999 የዓለም ዋንጫ ብቻ ነበር። በዚያ ሲሪስ የባንግላዲሹ መቺ ታሚም ኢቅባል በሁለት ጨዋታ ከመቶ ራን በላይ መትቷል።

ለሚቀጥለው ወር የያዝኩት የኳስ አወራወር ነው። ክንዴን ሳላጥፍ መወርወር ገና አልሆነልኝም፤ ባይ ከሥራ መልስ ከግድግዳው ጋር ሃምሳ ሃምሳ ኳስ እንድለማመድ አዞኛል፣ ትናንት ሠላሳ ሁለት ላይ ደርሻለሁ።