የወዝ ዕጢ ሕመምና የውሻ ዓይን፦ እስካሁን የተማርኩት

የውሾችን የቆዳ ሕመም ማጥናት ከጀመርኩ ወዲህ ይበልጥ ትኩረቴን የሳበው ሴባሽየስ አደናይተስ የተባለው በሽታ ነው። የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ ራሱን ወዝ አመንጪ የቆዳ ዕጢዎች በማጥቃቱ የሚመጣ እንደሆነ ይታሰባል፤ በስታንዳርድ ፑድል፣ በአኪታ፣ በሳሞይድ፣ በቪዝስላና በሃቫኒዝ ዝርያዎችም በብዛት ይታያል። ዕጢዎቹ እየተቆጡ ሲጠፉ ጸጉሩ ይደርቃል፣ ይሳሳል፣ ሥሩም ላይ ቅርፊት ይጣበቃል፤ ሐኪሙም በሽታውን የሚያረጋግጠው ከቆዳው ናሙና ወስዶ በማስመርመር ነው። ይህን አብዛኞቻችን ስለምናውቀው አልዘገይበትም። በዚህ ማስታወሻ ላካፍላችሁ የምፈልገው፣ ቆዳው ሲታከም ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋው ዓይን ነው።

በዓይን ቆብ ጠርዝ ውስጥ በረድፍ የተደረደሩት ሜይቦሚያን ዕጢዎች፣ ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ሜይቦም እ.ኤ.አ. በ1666 የገለጻቸው፣ በተፈጥሯቸው ወዝ አመንጪ ዕጢዎች ናቸው፤ የሚለዩት ከጸጉር ጋር ባለመያያዛቸው ነው። የሚያመነጩት ቅባት በእንባው ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይዘረጋና ከሥሩ ያለው ውኃ ቶሎ እንዳይተን ይጠብቀዋል። ስለዚህ የቆዳን የወዝ ዕጢዎች የሚያጠቃ ሕመም የዓይን ቆብንም ዕጢዎች ሊነካ እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው። ቅባቱ ሲጎድል ወይም ሲበላሽ፣ ውኃው በበቂ መጠን ቢመነጭ እንኳ ዓይኑን ሸፍኖ መቆየት አይችልም።

በጥናቴ ረጅም ጊዜ የወሰደብኝ ይህን በውኃ ማነስና በቅባት መጉደል መካከል ያለ ልዩነት ከምርመራ ውጤት ላይ ማንበብ ነው። በሽርመር ምርመራ፣ ጫፉ በታችኛው የዓይን ቆብ ውስጥ የተደረገ የወረቀት ቁራጭ በ1 ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል እንደረጠበ ይለካል፤ በውሻ 15 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን ጤናማ ይባላል፣ ከ10 በታች ሲሆን ደግሞ የእንባ ማነስ በብርቱ ይጠረጠራል። ነገር ግን ወረቀቱ የሚለካው ውኃውን እንጂ ቅባቱን አይደለም፤ እንዲያውም የተቆጣ ዓይን አብዝቶ ስለሚያነባ፣ ቅባት የጎደለው ውሻ መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። በእኔ አስተያየት የወዝ ዕጢ ሕመም ያለበትን ውሻ በሽርመር ውጤት ብቻ «ዓይኑ ደህና ነው» ብሎ ማሰናበት አይገባም። የእንባው ሽፋን መጽናቱን የሚያሳይ ሌላ ምርመራ አለ፦ ፍሎረሰይን የተባለው ቀለም ዓይኑ ላይ ጠብ ተደርጎ፣ ቆቡ እንዳይከደን ተይዞ በሰማያዊ ብርሃን ሲታይ፣ በእንባው ሽፋን ላይ የመጀመሪያው ጥቁር ክፍተት እስኪታይ ያለው ጊዜ ይቆጠራል። በጤናማ ውሻ ይህ 20 ሰከንድ ያህል ነው፤ በጣም ካጠረ ሽፋኑ አልጸናም ማለት ነው። ሐኪሙ የቆቡን ጠርዝ በቀስታ ሲጫንም ከጤናማ ዕጢ የጠራ ቅባት ይወጣል፤ ከታመመው ግን እንደ ጥርስ ሳሙና የወፈረ ነገር ይወጣል፣ ወይም ምንም አይወጣም።

በቤት ልንከታተላቸው የሚገቡ ምልክቶች የዓይን መቅላት፣ ደጋግሞ መጨፈን፣ የሚያጣብቅ አይናር፣ የቆብ ጠርዝ ማበጥና የኮርኒያ (የዓይን ፊተኛው ብርሃን አስተላላፊ ሽፋን) መደብዘዝ ናቸው። ሁኔታው ሲቆይ ኮርኒያው ሊቆስል ወይም ሊጠቁር ይችላል። ውሻው ዓይኑን መክፈት ካቃተው ሕክምናውን ለነገ ማሳደር አይገባም።

በእንክብካቤው በኩል፣ በተከደነው ቆብ ላይ ለብ ባለ ውኃ የረጠበ ንጹሕ ጨርቅ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይዞ፣ ቀጥሎ ጠርዙን በቀስታ ማሸት የረጋውን ቅባት ያላላል፤ ሐኪሙ ቅባት ያለው ሰው ሠራሽ እንባ ሊጨምርበት ይችላል። ለቆዳው በሚደረገው የዘይት እጥበት ጊዜ ደግሞ ዘይቱም ሆነ ቅርፊት አስወጋጁ ሻምፑ ወደ ዓይን እንዳይገባ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ እንድታስተውሉት የምለምናችሁ ሌላ ነገር አለ፦ ቆዳው በባክቴሪያ ተበክሎ ሰልፋ ያለበት መድኃኒት ከታዘዘ፣ ይህ የመድኃኒት ክፍል በአንዳንድ ውሾች የእንባ ዕጢን ጎድቶ ውኃውንም ሊያደርቅ ይችላል። ቅባቱ አስቀድሞ ለጎደለው ዓይን ይህ ድርብ ጉዳት ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊትና እየተሰጠ ሳለ የሽርመር ምርመራ እንዲደረግ ሐኪሙን መጠየቅ ይገባል።